የአበልጅ ዒላማ

ምንያህል አበልጁን ልዑልቃልን መጥላት የጀመረው ኤፕሪል ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልክ ስድስተኛው ጥይት ላይ ነው። እስከ አምስተኛው ድረስ ይወደው ነበር። እንዲያውም አምስተኛው መሃል ሲገባ «ጎሽ የኔ አንበሳ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎታል። ስድስተኛው ከአምስተኛው ጎን ገብቶ ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ሲሆኑ ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና ከሥሩ ሌላ ነገር ገባበት። ያቺ ነገር ምን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃታለን፤ ስሟን መጥራት አፍረን ነው እንጂ ቅናት ትባላለች።

ደግሞ ያመጣው ማን ሆነና! እሱው ራሱ። ልዑልቃል ከአሥራ አራት ወር በፊት ጠመንጃ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግን የኖረ፣ እዚህ ኮሎምበስ መጥቶ ደግሞ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስካን የሚያደርግ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው። ምንያህል እዚያው ፎርክሊፍት ይነዳል። ሥራ ያስገባው ምንያህል፣ መንዳት ያስተማረው ምንያህል፣ ልጁን አንድርያስን ክርስትና ያነሳው ምንያህል። አንድ ቀን ከሺፍት ሲወጡ ልዑልቃል «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ና ላሳይህ» ብሎ ይዞት ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የወሰደው ከግሮቭፖርት ወዲያ የበቆሎ እርሻ መሃል ወዳለ የተኩስ ክለብ ነው። ሌላ ጊዜ እንደማንኛውም ክለብ ነው፤ ሰው ዘመናዊ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ቤቱ ይሄዳል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ጁን መጀመሪያ ላይ፣ «የጥንቱ ግጥሚያ» የሚሉት አላቸው። ዓለም አቀፍ ስፖርት ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ የየአገሩ ተኳሽ በመርከብ እየተጓዘ ሲገናኝ ይደረግ እንደነበረው ነው የሚያደርጉት። ጠመንጃው መቶ ዓመት ያለፈው፣ መነጽር የሌለው መሆን አለበት። ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር፤ አሥር ጥይት ቆሞ፣ አሥር ተንበርክኮ፣ አሥር ተኝቶ፤ መሃሉን የመታ ጥይት አሥር ነጥብ ነው። ስልክ መኪና ውስጥ ይቀራል። ዒላማው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰው ተቀምጦ፣ ጥይቷ የት እንዳረፈች በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ክብ ነጭ ጣውላ ያመለክታል። ከተኳሾቹ ኋላ ጸሐፊዎች ተቀምጠው ስም ሳይጠይቁ ውጤቱን በቦታ ቁጥር ብቻ፣ በእርሳስ ይመዘግባሉ። ያሸነፈ ሰው ስሙ ክለቡ ግድግዳ ላይ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ሰሌዳው ከ1911 ይጀምራል። ገንዘብ የለው፣ ዋንጫ የለው፤ ስም ብቻ።

ምንያህል የሚፈልገው ያንን ነው። አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ለፖሊስ የተኩስ ቡድን ተወዳድሯል። አንድ ጊዜ ለውጭ ውድድር ተመርጦ፣ ስሙ ዝርዝር ላይ ወጥቶ፣ የፓስፖርት ፎቶ ተነስቶ፣ ሱፍ ልብስ ተለክቶ ከተሰፋለት በኋላ፣ በመጨረሻው ሳምንት «በጀት የለም» ተባለና ስሙ ተሰረዘ። ሱፉን ለሠርጉ ለበሰው። ዲቪ ደርሶት መጥቶ ያንን ሰሌዳ ያየ ዕለት ከላይ እስከ ታች አነበበው። የጀርመን ስም አለ፣ የአይሪሽ ስም አለ፣ ጣሊያንም አለ። ሐበሻ የለም። «እንግዲህ እኔ አለሁ» አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጁን ሞከረ። ሁለቴ ሁለተኛ ወጣ፤ ሁለተኛ ደግሞ አይጻፍም።

አሁን ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የግራ ዓይኑ ማታ ማታ ይደክመዋል፤ ጉልበቱ ተንበርክኮ አሥር ጥይት እስኪተኩስ ይጮህበታል። ዘንድሮ ካልሆነ ከርሞ እንደማይሆን ያውቃል። በዚህ መሃል ነው እንግዲህ ይኼ ሰዓት ጠጋኝ ከየት መጣ ሳይባል ትንፋሹን እንደ ቧንቧ ዘግቶ ጥይት በጥይት ላይ የሚደርበው።

ቆሽቱ አረረ። ታዲያ ቅናት ብቻዋን ብትቀመጥ ምን ነበረበት? ሰው ይቀሰቅሳታል። ሞርስ ሮድ ላይ ካለችው ግሮሰሪ በርበሬ ሊገዛ ቢገባ ባለሱቁ ኡሳማ ገና በሩ ላይ ሲያየው «ጋሽ ምንያህል፣ ተማሪህ አለፈህ አሉ!» ብሎ ሳቀበት። ክሊቭላንድ አቬኑ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ቢበሉ አስተናጋጇ ልዑልቃልን «ተኳሹ አንተ ነህ?» አለችው። ተኳሹ! ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ጥብስ ሲበላ ምንያህልን ማንም «ተኳሹ» ብሎት አያውቅም።

ይባስ ብላ ሚስቱ ዓለምወርቅ። አንድ እሑድ ልዑልቃል ቤታቸው መጥቶ የቆመ የግድግዳ ሰዓቷን ከፍቶ፣ በጥፍሩ አንዲት ነገር ነካ አድርጎ፣ መልሶ ሰቀለላት። ሰዓቷ ሄደች። እንግዳው ከወጣ በኋላ ዓለምወርቅ ሰዓቷን ቀና ብላ እያየች፣

«እጁ ይባረክ! አይንቀጠቀጥ፣ አይቸኩል። ለዚህ እኮ ነው የሚመታው» አለች።

«ማን ነው አስተምሮት የሚመታው?»

«አንተ ነሃ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«አይ፣ የተረሳሁ መስሎኝ።»

«ምነው አንተ ሰውዬ! አበልጅህ እኮ ነው» አለችና ዞር ብላ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራ የኖረች ሚስት እንዲህ ስታይ የማታየው ነገር የለም። ምንያህል ቁልፉን አንስቶ መኪና ላጥብ ብሎ ወጣ። መኪናዋ የታጠበችው ትናንት ነው።

አበልጅ መሆኑ ነው የባሰው። ጎረቤት ቢሆን ይኮረፋል፤ የሥራ ባልደረባ ቢሆን ሰላምታ ይነፈጋል። ልጁን ክርስትና ያነሳኸውን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? በዚያ ላይ ሰውየው ክፋት የለውም። «ጋሼ፣ ጋሼ» ከአፉ አይጠፋም። ጠመንጃ ተሸካሚው እሱ፣ ምንጣፍ አንጣፊው እሱ፣ ምንያህል ሳይቀመጥ የማይቀመጥ እሱ። ትንሽ ቢንቀው እኮ ምንያህል ያርፍ ነበር! በደንብ ይጠላው ነበር።

ሜይ መጨረሻ ላይ ኃጢአት ሠራ። ልምምድ ላይ ከበቆሎው ማሳ በኩል ነፋስ ተነሳና ልዑልቃል፣

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲነፍስ ምን ይደረጋል?» ብሎ ጠየቀው።

የሚደረገው የታወቀ ነው። ነፋሱ ወደሚመጣበት ጥቂት ገባ ብለህ ታልማለህ፤ ነፋሱ ጥይቷን ገፍቶ መሃል ያገባታል። ይህን የፖሊስ ምልምል ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት ይማረዋል። ምንያህል ግን አፉን ከፈተና፣

«ተወው። ነፋስ የለም ብለህ መሃሉን አልም። ነፋስ ያሰበ ሰው አይመታም» አለው።

«እሺ ጋሼ» አለ ልዑልቃል፣ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ተቀብሎ። ምንያህል የዚያን ዕለት ምሳ አልወረደለትም። ግን አላረመውም።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። ሃያ ዓመት የሞላት የምንያህል ልጅ የአብሥራ ከዩኒቨርሲቲዋ መጥታ እሷ ራሷ ነድታ ወሰደቻቸው። አሥራ ሁለት ተወዳዳሪ ነበር። አሜሪካኖቹ የድሮ ባርኔጣና አንገተ ጠባብ ሸሚዝ አድርገው መጥተዋል። ምንያህል የገዛ ምንሽሩን ይዟል፤ ልዑልቃል የክለቡን ተውሷል። የግጥሚያው ኃላፊ ሚስተር ሃርላን የሚባሉ፣ ሰማንያን የተጠጉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የተኩስ ቦታ ዕጣ በባርኔጣቸው አዞሩ። ለልዑልቃል ሦስት ቁጥር ደረሰው፤ ለምንያህል ሰባት።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ አላረፈም። ሦስት ቁጥር ከዛፎቹ ጀርባ ነች፤ ቅጠል አይነቃነቅባትም። ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት ማሳው ነው፣ ነፋሱ እንደልቡ የሚጋልብበት። ምንያህል ቁጥሩን አየ። ዘንድሮም ቀረ አለ በልቡ። ልዑልቃል የሁለቱን ወረቀት አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ ማሳውን አየ።

«ጋሼ፣ አንተ እዚህ ሁን። እኔ እዚያ እሄዳለሁ።»

«ተው እንጂ! የደረሰህ ነው።»

«እንዴት አንተን ነፋስ ላይ አስቀምጬ እኔ ጥላ ሥር እሆናለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም ምንም አይልህም። ሂድ፣ ቦታህን ያዝ።»

«በማርያም ጋሼ! እኔ ልሙት!»

«ኧረ በስመ አብ፣ ስለ ቦታ ሞት ምን አመጣው?» አለ ምንያህል፤ እግሩ ግን ቀድሞት ወደ ጥላው አንድ እርምጃ ሄዷል። ታላቅ ለታላቅነቱ ቦታ ሲለቀቅለት ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ በአራተኛው ይቀመጣል። ምንያህልም በአራተኛው ምንጣፉን ሦስት ቁጥር ላይ አነጠፈ። ለጸሐፊዎቹ አልተናገሩም። ምን ብለው ይናገራሉ? ወንበር የለቀቀ ሰው ለማን ያመለክታል? ነገሩ በሁለቱም ሐሳብ ጨርሶ አልመጣም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ምንያህል ጥላው ብቻ አይደለም ደስ ያለው። ልዑልቃል ነፋሱ ላይ መሆኑ ደስ ብሎታል። «ተወው» ያለውን አስታወሰ። አፈረም፣ ደስም አለው፤ ሁለቱ አብረው መቀመጥ ይችላሉ።

ፊሽካ ተነፋ። ቆመው ጀመሩ። ምንያህል የመጀመሪያዋን ተኮሰ፤ ዘንጉ ወጣና ጣውላው ዘጠኝ ላይ ቆመ። ግሩም ነው። ሁለተኛዋን ከመተኮሱ በፊት ግን ዓይኑ ወደ ሰባት ቁጥር ዒላማ ሄደ። ጣውላው ዳር ላይ፣ አምስት ላይ ነው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሁለተኛዋም ሰባት ቁጥር ላይ አምስት። ደግ ነው! በሦስተኛዋ ሰባት ቁጥር ዘጠኝ ሆነ። በአራተኛዋ አሥር። ሰዓት ጠጋኙ ማንም ሳይነግረው ነገሩን ገብቶታል፤ ሁለት ጥይት ከፍሎ ነፋሱን ገዛው።

ከዚያ በኋላ ምንያህል ሁለት ሰው ሆነ። አንደኛው ይተኩሳል፣ ሌላው ሰባት ቁጥርን ይጠብቃል። አንድ ዓይን ለሁለት ዒላማ አይሆንም። ተንበርክኮ ሳለ ሰባት ቁጥር ላይ አሥር ሲወጣ ጣቱ ምላጩን ያለጊዜው ሳበ፤ ስድስት። «ተው አንተ ሰው፣ ወደ ራስህ ተመለስ» አለ። ተመለሰ፣ ሁለት ጥይት ደህና ተኮሰ፣ ደግሞ ዞሮ አየ። ተኝተው ሲተኩሱ ነጩ ጣውላ ሰባት ቁጥር መሃል ላይ ደጋግሞ ሲቆም እያየ ጥርሱን ነከሰ። ሁሉም ነገር ሲያበቃ በልቡ ደምሮታል። የራሱ ሁለት መቶ አርባ አካባቢ ነው። የሰባት ቁጥር ከሁለት መቶ ስድሳ አምስት በላይ። ያንን ነጥብ በዚህ ነፋስ፣ በዚህ ክለብ፣ በእሱ ዘመን ማንም መትቶት አያውቅም።

ተነስቶ ምንጣፉን ጠቀለለ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የሐበሻ ስም የሱ እንዳልሆነ ገባው። «ልዑልቃል» ተብሎ ይጻፋል፤ እሱ በስምንት ዓመት ያላገኘውን ያ በአሥራ አራት ወር። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ሚስተር ሃርላን ወረቀታቸውን ይዘው ክለቡ ደጅ ካለው ሳር ላይ ወጡ። ሰው ከበባቸው። ሦስተኛውን ጠሩ። ሁለተኛውን ጠሩ፤ ሃርቪ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣

«አንደኛ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት፣ ሰባት ቁጥር፣ ሚንያ… ሚንያሂል!» አሉ።

ጭብጨባው ፈነዳ። የአብሥራ «ዳድ! ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ!» እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰው እጁን ጨበጠው፣ ጀርባውን መታው። ምንያህል ምን እንደተፈጠረ የገባው ከደስታው በኋላ ነው። እውነት ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ደስታው መጣ፤ ሙሉ፣ የልጅ ደስታ። ቀጥሎ ሰባት ቁጥር የሚለው ቃል ደረሰ። ዕጣው ሲወጣ ሰባት ቁጥር ላይ የተጻፈው የሱ ስም ነበር። ቦታ መለወጣቸውን ማንም አያውቅም።

ልዑልቃልን በዓይኑ ፈለገው። ከሁሉም ኋላ ቆሞ፣ ከሁሉም በላይ እያጨበጨበ ነው።

ሰዉ ወደ ሳንድዊቹ ሲበተን ምንያህል ክንዱን ይዞ ወደ መኪኖቹ ወሰደው።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል ጋሼ?»

«ያ ያንተ ነው! እኔ ሦስት ቁጥር ላይ ነበርኩ፤ አንተ ነህ የመታኸው!»

«አውቃለሁ» አለ ልዑልቃል ፈገግ ብሎ። «ስምህን ሲጠሩ ፊትህን አየሁት። ይኸው ስንት ዓመት ሳውቅህ እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ይሁንልህ። ላንተ ነው የሚገባው፤ እኔ ትናንት የመጣሁ ሰው ነኝ። ለኔ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ?»

«ታዲያስ። ደግሞ ጋሼ፣ የነፋሱን ነገር ተሳስተህ ነው የነገርከኝ። ሁለት ጥይት አበላሸብኝ» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር በፊቱ አልዞረም።

ምንያህል የያዘውን ክንድ ለቀቀ። ቦታውን ለቀቀለት፣ አሁን ደግሞ ስሙን ለቀቀለት፣ ልክ አውቶቡስ ላይ ለሽማግሌ እንደሚለቀቅ ወንበር። እሱ ዕድሜውን የጨረሰበት ነገር ለዚህ ሰው ጨዋታ ነው! አንድ ቀን እንኳ ቢያንሰው ምናለ? በተኩስ በለጠው፣ በደግነት በለጠው፣ ይቅርታ እንኳ ሳይጠየቅ ይቅር አለው። በዚያች ሰዓት ምንያህል ከጥይቱ ይልቅ ደግነቱን ቀናበት።

«እናገራለሁ» አለ።

«ተው ጋሼ፣ በአንድርያስ ሞት!»

«በልጅ አትማል! እናገራለሁ አልኩ።»

ወደ ክለቡ ሄደ። ሲሄድ በንጹሕ ልብ ነበር፤ ይህን ማንም እንዳይጠራጠርበት። ገብቶ፣ «ያሸነፈው እሱ ነው፣ የሱን ስም ጻፉ» ሊል ነበር። ንዴትም አለበት፣ ኩራትም አለበት፣ ግን እውነትም አለበት። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያለ ነው ደረጃውን የወጣው።

የበሩ እጀታ ላይ እጁን ሲያደርግ አጠገቡ የተለጠፈውን የግጥሚያውን ደንብ አየ። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ተለጥፎ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ጥይትና ስለ ርቀት ያለውን ብቻ አንብቦ ያለፈው ወረቀት ነው። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። አሥራ አንደኛው ላይ፣ ለጸሐፊው ሳያሳውቅ በሌላ ሰው ቦታ የተኮሰ፣ ቦታውንም የለቀቀለት፣ የሁለቱም ውጤት ይሰረዛል ይላል።

የሁለቱም።

እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ። ዝም ካለ የሱ ስም ይጻፋል፤ ሰሌዳውን ባየ ቁጥር የልዑልቃልን ምጽዋት ያነባል፤ ልዑልቃልም በጎኑ ቆሞ በደግ ዓይኑ ያየዋል፣ ዕድሜ ልክ። ከተናገረ የሱ ስም አይጻፍም። የልዑልቃልም አይጻፍም። ይህቺን ሁለተኛዋን ደግሞ ደጋግሞ አሰባት። የልዑልቃልም አይጻፍም። ተመልሶ ልዑልቃልን «ደንቡ እንዲህ ይላል፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ሊጠይቀው ይችል ነበር። አሥር እርምጃ ነው።

በሩን ገፍቶ ገባ።

ሚስተር ሃርላን የወርቁን ቀለም ጠርሙስ እያናወጡ ነበር። ምንያህል በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሁሉንም ነገራቸው፤ ዕጣውን፣ ዛፎቹን፣ ነፋሱን፣ ታላቅና ታናሹን። ሽማግሌው ጠርሙሱን አስቀመጡ።

«ደንቡን ታውቀዋለህ?» አሉት።

«አውቀዋለሁ።»

«ሁለታችሁም ናችሁ የምትሰረዙት። እሱም ጭምር። እንዲህ ተኩሶ! ልቀይረው አልችልም፤ መቶ ዓመት የኖረ ደንብ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ምንያህል።

ሽማግሌው ተነስተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ። አሸናፊው ፖስተኛው ሃርቪ መሆኑን ነገሩ፤ ለሃርቪ ግን ያጨበጨበ ሰው ጥቂት ነው። ስለ ምንያህል ሲናገሩ፣ «ማንም ሳያውቅበት፣ ማንም ሳይጠይቀው ስሙን ከወርቁ ላይ ያነሳ ሰው» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭብጨባው ከመጀመሪያው በእጥፍ በለጠ። የአብሥራ ታለቅስ ነበር። «ዳድ፣ አይ አም ሶ ፕራውድ ኦፍ ዩ» አለችው፣ ኮራሁብህ ማለቷ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት አባቷ ሆኖ ይህቺን ቃል ሰምቷት አያውቅም።

ምንያህል ግን የሚያየው ልዑልቃልን ነው። ልዑልቃል ፈገግ እንዳለ ነው። ሚስተር ሃርላን «የሁለቱም ውጤት ተሰርዟል» ሲሉ ፈገግታው አልወረደም። እጆቹ ግን፣ እነዚያ ሰዓት ሲከፍቱ የማይንቀጠቀጡ እጆች፣ የጠመንጃውን ማንገቻ ሊያጥፉ ሞክረው አቃታቸው። አንዴ ሞከረ፣ ማንገቻው አመለጠው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ተወውና እጆቹን ኪሱ ከተተ። ጨዋታ አልነበረም። ለሱም ጨዋታ አልነበረም፤ ስሙን ለሚወደው ሰው ሲሰጥ ብቻ ነበር ጨዋታ ያለው።

ምንያህል አየ። ደስ አለው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ አለው፤ ከሁለት ወር ወዲህ እንደዚያ ቀልሎት አያውቅም። የቀለለውም አንድ አፍታ ነው፤ ወዲያው ልዑልቃል እየተራመደ መጣና ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው።

«ጋሼ፣ እኔ ዝም ልል ነበር። ውሸት ላይ ላኖርህ ነበር። አንተ ባትናገር ኖሮ እኔ መቼም አልናገርም ነበር» አለ። «ሰው ማለት አንተ ነህ።»

«ተው እባክህ» አለ ምንያህል።

«አይ፣ እውነቴን ነው።»

ወደሚኖሩበት ኖርዝላንድ ሲመለሱ የአብሥራ ነዳች። ልዑልቃል ፊት ተቀመጥ ቢባል እምቢ ብሎ ከኋላ ገባ፤ የፊት ወንበር የታላቅ ነው። ሀይዌዩ ላይ እንደወጡ ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ። ምንያህል መስማት አልፈለገም፤ መኪናዋ ግን ጠባብ ናት።

«አላሸነፍንም» አለ ልዑልቃል ለሚስቱ። «አይ፣ እሱን ተዪው፣ ሌላ ነገር ነው የምነግርሽ። ጋሼ ያደረገውን ብታዪ! አንድርያስን አምጪው እስቲ፣ ስልኩን ስጪው። ስማኝ የኔ ልጅ፣ የክርስትና አባትህ ዛሬ ምን እንዳደረገ ልንገርህ።» ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከለት፤ ዕጣውን፣ ነፋሱን፣ የሽማግሌውን እንባ። ስለ ራሱ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲጨርስ ስልኩን በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደ ፊት ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ሊያናግርህ ይፈልጋል።»

ምንያህል ስልኩን ተቀበለ። ልጁ በወዲያ በኩል በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው፤ እውነት ነው ወይ፣ እውነት ራስህ ሄደህ ተናገርክ ወይ ነው የሚለው። ምንያህል አፉን ከፈተ። የአብሥራ ከመሪው ላይ ዞር ብላ በፈገግታ አየችው፤ ከኋላ የልዑልቃል እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

«አዎ» አለ ምንያህል። «እውነት ነው።»